«30» የትኛው 30? የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒኖችን የሆርሞን መጠን ማነጻጸር

ሸዋ በር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የመድኃኒት መደብር መስኮት ላይ በየቀኑ የሚመጣ ጥያቄ ነውና እዚህ ላውጣው። ሴትየዋ የያዘችውን ኪኒን አሳይታ «ከዚህ ቀለል ያለ የለም ወይ?» ትላለች። አንዱ ፓኬት ጀርባ ላይ 0.03 ሚ.ግ እና 0.15 ሚ.ግ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ 0.02 እና 0.15፤ ሦስተኛው ላይ 0.03 እና 3። 3ን ለ0.15 ብናካፍለው 20 ነው። ሦስተኛው ሃያ እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው? «ዝቅተኛ መጠን» የሚባለውስ የትኛው ቁጥር ታይቶ ነው?

ባለመደርደሪያ (ኮምቦልቻ)
አይከብድም። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ለየብቻ ይነበባሉ።

ትንሹ ቁጥር ኢስትሮጅኑ ነው፤ በአብዛኞቹ ኪኒኖች ኢቲኒል ኢስትራዲዮል። 0.03 ሚሊ ግራም ማለት 30 ማይክሮ ግራም፣ 0.02 ማለት 20 ማይክሮ ግራም። «ዝቅተኛ መጠን» የሚለው ስም የሚወጣው በዚህ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከ50 በታች ያለው ሁሉ ዝቅተኛ ይባላል። ከጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው የተለመደው ማይክሮጋይኖን 30 ስለሆነ ሴትየዋ የያዘችው ራሱ «ቀለል ያለው» ነው። ከባዱን ማየት ለሚፈልግ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለወሊድ መከላከያነት የፈቀደችው የመጀመሪያው ኪኒን ኢኖቪድ በአንድ ፍሬ 150 ማይክሮ ግራም ሜስትራኖል ነበረበት። ሜስትራኖል ጉበት ውስጥ ወደ ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ተለውጦ ነው የሚሠራው፤ 50ው ከ35 ገደማ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ የዚያን ጊዜዋ አንድ ፍሬ ከዛሬዎቹ ሦስት ፍሬ በላይ ኢስትሮጅን ነበራት። በ1969 እንግሊዝ ከ50 በላይ ያለው እንዳይታዘዝ መከረች፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየወረደ እዚህ ደረሰ።

ትልቁ ቁጥር ሁለተኛው ሆርሞን፣ ፕሮጀስቲኑ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። 0.15 ሌቮኖርጀስትሬል ነው፣ 3 ድሮስፓይረኖን ነው። ሁለቱን በሚሊ ግራም ማወዳደር በርበሬና ሚጥሚጣን በማንኪያ ቆጥሮ «የትኛው ያቃጥላል» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን አንብብ።

የሚያዋጣው መለኪያ «ይህ ፕሮጀስቲን ብቻውን እንቁላል እንዳይወጣ ለማድረግ በቀን ስንት ይበቃዋል?» የሚለው ነው። በግምት፦
ሌቮኖርጀስትሬል 60 ማይክሮ ግራም፤ ኪኒኑ ውስጥ ያለው 150፣ ማለትም ሁለት እጥፍ ተኩል።
ዴሶጀስትሬል 60፤ ኪኒኑ ውስጥ 150፣ ያው ሁለት እጥፍ ተኩል።
ጄስቶዲን 40፤ ኪኒኑ ውስጥ 75፣ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው።
ድሮስፓይረኖን 2 ሚሊ ግራም፤ ኪኒኑ ውስጥ 3፣ አንድ ተኩል።
እንግዲህ ሃያ እጥፍ የፈራኸው ኪኒን በዚህ ሚዛን ከሁሉም ትንሹ ትርፍ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ጦሳ
የሚጥሚጣዋ ምሳሌ መስኮቱ ላይ ትለጠፍ።

ሲስተር ሆጤ
ባለመደርደሪያ ጥሩ ጀምሮታል። እኔ የምጨምረው ቁጥሩ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ የሚሆንበትን ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚያ ነው።

«30»ን እንይ። ማይክሮጋይኖን ላይ 30 ማለት የኢስትሮጅኑ መጠን ነው። ማይክሮሉት ላይ ያለው 30 ግን ሌቮኖርጀስትሬል ነው፤ ኢስትሮጅን ጭራሽ የለውም። የስማቸው መጀመሪያም ይመሳሰላል፣ ቁጥሩም ያው፤ በችኮላ ያነሳ ሰው ሊቀያይራቸው ይችላል። አራስ እናት የሚሰጣት ማይክሮሉት ነው። ጡት የምታጠባ ሴት ከወለደች 6 ሳምንት ሳይሞላት ኢስትሮጅን ያለበትን ኪኒን ጨርሶ አትወስድም፤ ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ባለውም ሌላ አማራጭ እያለ አይመረጥም። መለያው ቀላል ነው፦ ማይክሮሉት እስትሪፕ 35 ፍሬ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም፣ እረፍት የለውም። ማይክሮጋይኖን 28 ነው፤ 21ዱ ሆርሞን፣ 7ቱ ቡናማዎቹ ብረት። የሚዘገይበት ልክም ይለያያል፤ ማይክሮሉት 3 ሰዓት ካለፈ እንደተረሳ ይቆጠራል።

«150» ደግሞ ይብሳል። ኪኒኑ ላይ 150 ማይክሮ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው። የሦስት ወሩ መርፌ 150 ሚሊ ግራም ሜድሮክሲፕሮጀስቴሮን ነው። ጃዴል በክንድ የሚቀበረውም ሁለት ዘንግ ሲደመር 150 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው። በሦስት ዕቃ ላይ አንድ ቁጥር! «ጃዴል የኪኒኑን ሺህ እጥፍ ያስገባብኛል» ብላ የምትፈራ ሴት ስትመጣ መልሱ በቀን የሚለቀው ላይ ነው፦ በመጀመሪያው ወር በቀን 100 ማይክሮ ግራም ገደማ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 30 ይወርዳል። ማለትም ከጅምሩ ከኪኒኑ ያነሰ። 150 ሚሊ ግራሙ የአምስት ዓመት ስንቅ ነው እንጂ የአንድ ቀን ምግብ አይደለም።

ቦርከና
ሲስተር እናመሰግናለን። ታዲያ 20 ማይክሮ ግራሙ ካለ ለምን ሁሉም ወደ እሱ አይሄድም? ያነሰ ኢስትሮጅን ያነሰ ጣጣ አይደለም?

ሲስተር ሆጤ
ማቅለሽለሽና የጡት ሕመም ላስቸገራት ሊቀላት ይችላል። ዋጋው ግን ነጠብጣብ ደም ነው። እንቁላል እንዳይወጣ የማድረጉን ትልቁን ሥራ የሚሠራው ፕሮጀስቲኑ ነው፤ ኢስትሮጅኑ ከሚረዳባቸው አንዱ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን አጽንቶ መያዝ ነው። 20 ሲሆን ሽፋኑ ቶሎ ይላላል፣ ደሙ በመሃል ይንጠባጠባል፣ ሴትየዋ «አልተስማማኝም» ብላ ትጥለዋለች። በትክክል ከተወሰደ እርግዝናን በመከላከል 20ውና 30ው እኩል ናቸው። «በትክክል» የምትለዋ ቃል ናት ክብደት ያላት፦ አንዲት ሳትዘነጋ ከወሰዱ 1,000 ሴቶች በዓመት 3 ያህል ያረግዛሉ፤ እንደ ሰው ልማድ አንዳንዴ እየረሱ ከወሰዱ ደግሞ ከ100 ውስጥ 7።

በ30ው ላይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነጠብጣብ ያለ ነው። ሁለት ሁለት ፍሬ መዋጥ መፍትሔ አይደለም፤ እስትሪፑ በግማሽ ጊዜ ያልቅና ክፍተት ይፈጠራል። መጀመሪያ ሰዓቱ ይስተካከል። ካልቆመ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ለ5 ቀን ይሰጣል፤ የጨጓራ ቁስለት ላለባት ግን አይሆንም።

ጦሳ
ለረሳች፦ አንድም ሁለትም ቀን ቢያልፋት ችግር የለውም፣ እንዳስታወሰች ዋጥ አድርጋ ትቀጥላለች። ለሁሉም ኪኒን አንድ ነው።

ባለመደርደሪያ (ኮምቦልቻ)
ጦሳ፣ ለሁሉም አንድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የለየው በኢስትሮጅኑ መጠን ነው። ለ30 እና ለ35 ያልከው ልክ ነው፤ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የመጨረሻዋን የተረሳች ፍሬ ወዲያው ውጣ፣ ሰባት የሆርሞን ፍሬ በተከታታይ እስክትወስድ ድረስ ኮንዶም መጨመር አለባት። በ20ው ላይ ያ ጥንቃቄ የሚጀምረው በ2 ፍሬ ነው። አንድ ቀን የማለፍ መብቷን በ10 ማይክሮ ግራም ሸጠችው በለው።

ይህን ያህል ፍሬ የተረሳው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ የሆርሞኑን ፍሬ ትጨርስና ብረቱን ትታ ወዲያው አዲስ እስትሪፕ ትጀምራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ግንኙነት ከነበረ ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ድንገተኛ መከላከያ) ይታሰብ። ከመሃል የተረሳ ይልቅ የሚያስፈራው በዳርና ዳር የተረሳ ነው፤ ያለ ሆርሞን የሚቆየውን 7 ቀን ያረዝመዋልና። እንቁላል አፍሪው እንዲተኛ ሰባት ቀን ኪኒን ይፈልጋል፤ ከሰባት ቀን በላይ ሲለቁት መንቃት ይጀምራል።

የብረቱ ፍሬ ብትረሳ ግን አብሽሩ፣ ምንም አይጎድልም፤ ጥላው ትቀጥል። 75 ሚሊ ግራም ፌረስ ፉማሬት ማለት ንጹሕ ብረቱ 25 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው፤ የደም ማነስ አያክምም፣ ዋና ሥራው ቀን ማስቆጠር ነው።

ሸዋ በር
የቀን ቆጠራ ነገር ከተነሳ፣ «በየወሩ መባቻ እጀምራለሁ» የሚሉ ብዙ አሉ። መስከረም 1፣ ጥቅምት 1፣ ኅዳር 1። ለማስታወስ ይቀላል።

ሲስተር ሆጤ
ይቀላል፤ ያስረግዛልም። እስትሪፑ 28 ነው፣ የእኛ ወር 30። በመባቻ የምትጀምር ሴት በየወሩ ሁለት ቀን ትዘገያለች፤ ያለ ሆርሞን የምትቆየው 7 መሆኑ ቀርቶ 9 ይሆናል። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ጉድ ነው። ነሐሴ 1 የጀመረችው ሆርሞኗ ነሐሴ 21 ያልቃል፣ ብረቷ ነሐሴ 28። መስከረም 1ን ከጠበቀች ከነሐሴ 22 እስከ ጳጉሜን 5 ያለ ሆርሞን 14 ቀን ሙሉ ተቀመጠች፤ በዘመነ ሉቃስ 15። ይህን ቀን ቆጥሮ የማያስረዳ ምክር ኪኒኑን ከመስጠት አይቆጠርም።

የሚይዘው በዕለት ነው። 28 ማለት ልክ አራት ሳምንት፤ ሰኞ የጀመረች ዕድሜ ልኳን ሰኞ ትጀምራለች። ደሴ ላለች ሴት ሰኞን ገበያው ራሱ ያስታውሳታል። ለዓመት የሚያስፈልጋት 13 እስትሪፕ ነው፤ 13 ጊዜ 28፣ 364 ቀን።

ቦርከና
ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ለሚሠሩትስ? አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት።

ባለመደርደሪያ (ኮምቦልቻ)
ሰዓቱን ከእንቅልፍ ጋር ማሰር ነው ስህተቱ። «ስተኛ እወስዳለሁ» ያለች ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር 10 እና 12 ሰዓት ትንሸራተታለች፤ አንድ ቀን ደግሞ ትተኛና ታልፋታለች። በሁለቱም ፈረቃ ነቅታ የምትገኝበትን ሰዓት ትምረጥ፣ ለምሳሌ ማታ 1 ሰዓት፣ ስልኳም ይጩህላት። እስትሪፑ በአነስተኛ ቦርሳ አብሯት ይሂድ። ማሽን ዳር ወይም የፀሐይ ግለት የመታው ባጃጅ ውስጥ ግን አይቀመጥ፤ ፓኬቱ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይላል፤ ከሐረጎ ቁልቁል የወረደ ሁሉ ኮምቦልቻ በግንቦት ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ጦሳ
የረመዳንን ጥያቄም አብራችሁ መልሱ፤ በየዓመቱ ይመጣል። አንደኛ ሰዓቱን ስለ ማዛወር፤ ሁለተኛ ወሩን ሙሉ ለመጾም ሃይድን (የወር አበባን) ስለ ማዘግየት።

ሲስተር ሆጤ
ሰዓቱን፦ ሁልጊዜ ወደ ፊት ጎትቶ ማቅረብ ነው እንጂ ማራቅ አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት የምትወስድ ከሆነ በዋዜማው ጠዋት ከወሰደች በኋላ የሚቀጥለውን ያንኑ ቀን ማታ ከመግሪብ በኋላ ትውሰድ፤ 12 ሰዓት ልዩነት ምንም አይደለም። ከዚያ ወሩን ሁሉ ካፈጠረች በኋላ። እስትሪፑ በአንድ ቀን ቀድሞ ያልቃል፣ ያ ብቻ ነው።

ማዘግየቱን፦ ሁሉም የሆርሞን ፍሬ አንድ መጠን ከሆነ (ማይክሮጋይኖን እንደዚያ ነው) 21ኛውን እንደጨረሰች ብረቱን ትታ የሁለተኛውን እስትሪፕ የመጀመሪያ ፍሬ በማግስቱ ትውሰድ። 42 የሆርሞን ቀን ታገኛለች፤ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ ሻዕባን ውስጥ፣ በጊዜ ደሟ መጥቶ ከሄደ ረመዳንን ይሸፍናል። ነጠብጣብ ሊመጣ ይችላል፤ የነጠብጣቡን ሑክም (ሃይማኖታዊ ብይን) ሸኽ ይጠየቁ፣ እኛ ሆርሞኑን ነው የምናውቀው። ፍሬዎቹ በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ኪኒኖች ላይ ግን ይህ ስሌት ያስቸግራል። ትሪኩዊላር ለምሳሌ (ኢስትሮጅን/ሌቮኖርጀስትሬል በማይክሮ ግራም) 6 ፍሬ 30/50፣ 5 ፍሬ 40/75፣ 10 ፍሬ 30/125 ነው፤ ከ125 ተነስቶ ወደ 50 ሲወርድ ደም ሊጠራ ይችላል።

ባለመደርደሪያ (ኮምቦልቻ)
ለዚሁ ጉዳይ ኖርኤቲስቴሮን 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ የሚገዙም አሉ፤ ደሙ ይመጣል ከተባለበት 3 ቀን ቀድመው ይጀምራሉ፣ ባቆሙ በ2 ወይም 3 ቀን ይመጣል። «ይሄ ኢስትሮጅን ስለሌለው ለደም ግፊቷና ለደም መርጋት አይሰጋም» የሚል ምክር ስትሰሙ ተጠንቀቁ። በዚህ መጠን ጉበት ከፊሉን ወደ ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ይለውጠዋል፤ በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ኖርኤቲስቴሮን ከ20 እስከ 30 ማይክሮ ግራም ካለው ኪኒን ጋር የሚቀራረብ ኢስትሮጅን ይሰጣል። ኪኒን የተከለከለች ሴት በዚህም በኩል አትግባ። የወሊድ መከላከያ ተብሎም አይቆጠር።

ሐረጎ ላይ
ቅድም ስለ ደም መርጋት ተጠቅሶ ታለፈ። ቁጥር አላችሁ? ደግሞ ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይብሳል የሚል ወሬ አለ።

ባለመደርደሪያ (ኮምቦልቻ)
አለ። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ያስቀመጠው እንዲህ ነው፦ ኪኒን የማይወስዱ እርጉዝ ያልሆኑ 10,000 ሴቶች ውስጥ በዓመት 2 ያህል። በሌቮኖርጀስትሬል ኪኒን ከ5 እስከ 7። በዴሶጀስትሬል፣ በጄስቶዲንና በድሮስፓይረኖን ከ9 እስከ 12። ልብ በሉ፣ ኢስትሮጅኑ በሁሉም 30 ሆኖ እንኳ ልዩነቱን ያመጣው ፕሮጀስቲኑ ነው። «አዲስ ስለሆነና ውድ ስለሆነ ይሻላል» የሚለውን እዚህ ላይ ጣሉት፤ በነፃ የሚሰጠው አሮጌው ሌቮኖርጀስትሬል በደም መርጋት በኩል ከሁሉ የተሻለው ወገን ነው። እርግዝናና አራስነት ደግሞ ከየትኛውም ኪኒን በላይ ያረጋሉ።

ከፍታውን አትፍሩ። ጥያቄ የሚነሳው ከ4,500 ሜትር በላይ ከሳምንት በላይ ለሚሰነብት ነው፤ ደሴ 2,500 ገደማ ናት።

ሲስተር ሆጤ
ከከፍታው ይልቅ ግፊቱን ለኩ። 140/90 ከደረሰ ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን አይመረጥም፣ 160/100 ከደረሰ ጨርሶ አይሰጥም። በጫት ምርቃና ላይ የተለካ ግፊት ከፍ ይላል፤ ሌላ ቀን አረፍ ብላ ትለካ። ዓይኗ ፊት ብልጭልጭ ወይም ዚግዛግ ብርሃን እየታያት የሚጀምር ማይግሬን ያላት፣ ዕድሜዋ 35 ሆኖ ሲጋራ የምታጨስ፣ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ለእነዚህ 20ውም 30ውም አይሆንም። መጠን በመቀነስ የሚታለፍ ክልከላ አይደለም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ደረት ከወጋ፣ ድንገት ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን መጋረድ ከመጣ ኪኒኑን አቁማ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትሂድ።

ቦርከና
የቲቢ መድኃኒት የጀመረችስ? «ሁለት ሁለት ዋጪ» ሲባል ይሰማል።

ባለመደርደሪያ (ኮምቦልቻ)
ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል፤ 30ው ደም ውስጥ 30 ሆኖ አይቆይም። ስንት እንደሚቀር ከሴት ሴት ስለሚለያይ እጥፍ መዋጥ ቁማር ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ወይም ሉፕ (ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው) ይሻላታል፤ ሪፋምፒሲን ካለቀ በኋላም 4 ሳምንት ጠብቃ ወደ ኪኒኑ ትመለስ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚወስዱ የሚጥል በሽታ ታካሚዎችም እንዲሁ። አሞክሲሲሊን ግን አይነካውም፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪርም አይነካውም።

ጦሳ
ጠበል ጠጥታ ያስመለሳትን ጨምሩበት።

ሲስተር ሆጤ
ከዋጠች 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳት ሌላ የሆርሞን ፍሬ ትውሰድ፤ ስለዚህ መጠባበቂያ እስትሪፕ ያስፈልጋል። ተቅማጡ ወይም ትውከቱ ከ2 ቀን በላይ ከቀጠለ እንደረሳች ይቆጠራል። ጠዋት ጠበል የምትጠጣ ኪኒኗን ማታ ታድርግ።

ሸዋ በር
የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይቅርታ አበዛሁት። ፖስት ፒል ሲጠፋ ከኪኒኑ አውጥቶ መስጠት ይቻላል ይባላል። ፖስት ፒል 1.5 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው፣ ኪኒኑ 0.15። አሥር ፍሬ ማለት ነው?

ባለመደርደሪያ (ኮምቦልቻ)
በሌቮኖርጀስትሬሉ አሥር ነው፤ ነገር ግን አሥሩ አብረው 300 ማይክሮ ግራም ኢስትሮጅን ይዘው ይገባሉ፤ ማን ያስቀምጠዋል፣ በትውከት ይወጣል። የተፈተነው ስሌት ሌላ ነው፦ ከ30/150ው 4 ፍሬ አሁን፣ 4 ፍሬ ከ12 ሰዓት በኋላ። በአንድ ጊዜ 120 ኢስትሮጅንና 600 ሌቮኖርጀስትሬል ይሆናል፤ የሚፈለገው ቢያንስ 100 እና 500 ነው። ከፖስት ፒል ያነሰ ይሠራል፣ የበለጠ ያቅለሸልሻል። እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ ግን በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። ስምንቱም ከሆርሞኑ ፍሬ ይሁኑ፤ ቡናማዎቹን ቆጥሮ የሰጠ ብረት ነው የሰጠው።